ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች በእግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ «ስሜን ልወጣ አስቤያለሁ» የሚል ሰው የሚጠይቀው ነገር ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ከቀላሉ ጀምረን እንመልሰው።

ስሜን ተራሮች ከጎንደር ምን ያህል ይርቃል? በምን ይኬዳል?

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት ያልፋል። በኪራይ መኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በሚኒባስ ከሆነ መናኸሪያ ላይ እስኪሞላ የምትጠብቁትን ጨምሩበት። ማልዶ መነሳት ነው የሚሻለው፤ ከሰዓት በኋላ መኪና እንደልብ አይገኝም።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው። የመግቢያ ክፍያው፣ ስካውቱ (የታጠቀው ጠባቂ)፣ አስጎብኚው፣ በቅሎው ሁሉ እዚያ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው፤ እስከ ሳንቃ በር ካምፕ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙ ሰው እስከ ቡይት ራስ ወይም እስከ ሳንቃ በር በመኪና ይሄድና ከዚያ በእግሩ ይቀጥላል።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ደርሶ መልስ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን አብዛኛው ቀን መኪና ውስጥ ያልቃል። ጎህ ሲቀድ ከተነሳችሁ ሳንቃ በር አካባቢ የገደሉን ጫፍ ይዛችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት መራመድ ትችላላችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ሳያዩ መመለስ ብርቅ ነው።

እኔ ግን የአንድ ቀን ሰው ኮሶዬ ቢሄድ እመርጣለሁ። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እዚያው የደባርቅ መንገድ ላይ። ቆላውን ቁልቁል ያሳያል፣ ጭላዳም አለው። አዲስ ጫማ ለመሞከርም ከኮሶዬ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ጫማው ቢልጣችሁ አስፋልቱ ቅርብ ነው።

ተራራ ወጥቼ አላውቅም። ስንት ቀን ልያዝ? በየት በኩል ልሂድ?

ሦስት ሌሊት፣ አራት ቀን። ካምፖቹ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ናቸው። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። ስለዚህ ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምዳል። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ስትሄዱ ጅንባር ፏፏቴን ታያላችሁ፤ ወንዙ ገደሉ አፍ ላይ ደርሶ ወደ 500 ሜትር የሚገመት ቁልቁለት ይወረወራል። ከግጭ ወደ ጨነቅ ያለው ቀን ግን ረጅም ነው። እመት ጎጎን አካታችሁ ከሄዳችሁ ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል።

እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያላት ወደ ገደሉ የወጣች አፍንጫ ናት። በሦስት በኩል ባዶ ነው። ከታች የቆላው አምባዎች አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። ከአራቱ ቀን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። ከጨነቅ መኪና ይቀበላችኋል፤ በመጣችሁበት መንገድ በእግር መመለስ አያስፈልግም።

የትኛው ወር ይሻላል?

የመስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ዝናቡ አቁሟል ወይም ሊያቆም ነው፣ ሣሩ ለምለም ነው፣ አየሩ ታጥቦ ጠርቷል፣ ፏፏቴዎቹም ሙሉ ናቸው። ችግሩ ጭቃው ነው። በተለይ ፀሐይ የማይገባው የአስታ ደንና የግጭ ሜዳ ረግረግ ቶሎ አይደርቅም።

ጭቃ የሚባል ነገር አላይም ካላችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ነው ጊዜው። መንገዱ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ። ጅንባርም ቀጥኖ ክር ያህላል። ጥር ላይ ደግሞ ጥምቀት አለ። ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች፣ አልጋና መኪና ይወደዳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ከየካቲት በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ ቆላው በአቧራና በጭስ ይጋረዳል፣ እይታው ይደበዝዛል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ መውጣትስ?

አይከለከልም። ጉም የሚወድ፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ግርግር የማይፈልግ ሰው ክረምቱን መርጦ ይወጣል። ግን ምን እንደሚጠብቃችሁ እወቁ። ጠዋት ትንሽ ይገልጣል፣ ከቀትር በፊት ጉሙ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶና መብረቅ ይመጣል። ሲያጉረመርም ከጫፍና ከብቸኛ ዛፍ ራቁ።

ለክረምት የምመክረው ሳንቃ በርን ሰፈር አድርጎ በየቀኑ ወጣ ብሎ መመለስን ነው። ከጨነቅ ወዲያ በራስ ዳሽን መንገድ ወዳለው አምቢቆ መውረድ አይመከርም፤ መሸሃ ወንዝ ይሞላል። ሌሎቹም ወንዞች ጠዋት ጎድለው ከሰዓት በኋላ በአንድ ዝናብ ሊሞሉ ይችላሉ። የደፈረሰና ከጉልበት በላይ የሆነ ወንዝ ካገኛችሁ መጠበቅ ነው። ባለ በቅሎው በቅሎውን አላስገባም ካለ እናንተም አትግቡ።

ምን ዓይነት ጫማ ላድርግ?

ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ያደረጋችሁት ጫማ። ሸራ ጫማ ለደረቅ ወቅት ያስኬድ ይሆናል፤ ጭቃ ላይ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ይርሳል፣ እስከ መጨረሻው አይደርቅም። የፕላስቲክ ቦት ለረግረጉ ጥሩ ነው፣ ለድንጋያማው ቁልቁለት አይሆንም። ባለ በቅሎው በኮንጎ ጫማ እየዘለለ ሲወርድ ታያላችሁ። እሱን አይታችሁ አትሞክሩት፤ የእሱ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነው።

ከሳልቫጅ የተገዛ የተራራ ጫማ ብዙ ሰው ይወዳል፣ ዋጋውም ይስማማል። አንድ ነገር ግን ፈትሹ፦ ሶሉን በእጃችሁ ጠምዝዙት። ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ጫማ ከላይ አዲስ መስሎ ሶሉ ውስጥ ውስጡን ያረጃል፤ ጭቃው ሲይዘው ተላቆ ይቀራል። ማስቲሽና ጠንካራ ሲባጎ ቦርሳ ውስጥ ቢኖር አይከብድም። ሌላው፣ ከመሄዳችሁ በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ነው ጥፍር የሚጠቁረው። ጫማ ስትገዙም በወፍራም ካልሲ ለኩት፣ ጣታችሁ ፊት ለፊት ክፍት ቦታ ይኑረው።

የራሰ ጫማ እሳት ዳር አታስቀምጡ፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ አሳድሩት።

ልብስስ? ጋቢ ይበቃል?

ጋቢ ለማታ ነው። ካምፕ ደርሳችሁ፣ ደረቅ ልብስ ለብሳችሁ፣ እሳት ዳር ስትቀመጡ ከጋቢ የሚተካከል የለም። መንገድ ላይ ግን ጥጥ አይሆንም። ጂንስም፣ የጥጥ ቲሸርትም፣ ጋቢም ውሃ ይጠጣሉ፣ ይከብዳሉ፣ ከዚያ ገላን ያቀዘቅዛሉ። የስፖርት ልብስ፣ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት ልበሱ። ኮፍያና ጓንትም ያዙ። የእንቅልፍ ከረጢታችሁ ከዜሮ በታች ለሆነ ብርድ የተሠራ ካልሆነ ቡልኮ ደርቡበት።

ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ብርድ ነው ብላችሁ ፊታችሁን ሳትሸፍኑ ከሄዳችሁ አፍንጫችሁ ይላጣል፤ ቅባትና ባርኔጣ ያዙ። ቦርሳ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደግሞ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስገቡ። ቦርሳው ውሃ አያስገባም ቢባልም አትመኑ።

ቦርሳዬን ራሴ ልሸከም ወይስ በቅሎ ልከራይ?

በቅሎ ተከራዩ። የተሸከመ ሰው ዓይኑ መሬት መሬቱን ነው፤ ገደሉን ለማየት መጥቶ የራሱን ጫማ ሲያይ ይውላል። ራሴ እሸከማለሁ የምትሉ ከሆነ ጭነቱ ከክብደታችሁ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጉልበታችሁንም አስቡት፤ ስሜን ላይ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

በቅሎ ላይ የሚጫነውን ሻንጣ ማዳበሪያ ውስጥ አስገቡት። ከዝናብም ከጭቃም ከገመድ ፍትጊያም ያድነዋል። በቅሎው ሌላ መንገድ ይዞ ሊሄድ ወይም ወደኋላ ሊቀር ስለሚችል ውሃ፣ ስንቅ፣ የዝናብ ልብስ፣ መድኃኒትና አንድ ደረቅ ካልሲ ከራሳችሁ አይለዩ። ዋጋውን ደባርቅ ላይ ጨርሱ፤ በቅሎውና ባለ በቅሎው ለየብቻ እንደሚከፈሉ፣ የመመለሻው ቀንም እንደሚታሰብ አትርሱ።

ስካውት ግዴታ ነው? ምን ያደርግልኛል?

አዎ፣ ግዴታ ነው። ስካውቱ መሣሪያ የያዘ የአካባቢው ሰው ነው፤ ከደባርቅ ይመደብላችኋል። ሥራው መጠበቅና መንገድ ማሳየት ነው። ዕቃ አይሸከምም፣ ምግብ አያበስልም። አስጎብኚ ግን እንደ ፍላጎታችሁ ነው። አማርኛ ለሚናገር መንገደኛ ጨዋታ የሚያውቅ ስካውት ራሱ ግማሽ አስጎብኚ ነው። የወፉን፣ የሣሩን፣ የገደሉን ስም ጠይቁት።

ስንቅ ስትገዙ የእሱንም አስቡ። አብዛኞቹ ጥቂት በሶ ወይም ዳቦ ይዘው ነው የሚወጡት። ስትበሉ እሱን «ጋሼ፣ ይቅረቡ» ሳትሉት መቅረት ነውር ነው።

ምን ስንቅ ይሻላል? ጾመኛስ?

አገራችን ለተራራ ስንቅ አንደኛ ናት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ። በሶ በስኳር ወይም በማር በጥብጦ ዳገት መሃል መጠጣት ነው። ጭኮ የሚበላ ሰው ጭኮ ቢይዝ ለአንድ ቀን ጉዞ ይበቃዋል። ጾመኛ ብትሆኑ ብዙም የሚጎድልባችሁ የለም፣ ከቋንጣና ከቅቤ በቀር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆናችሁ ግን 3,600 ሜትር ላይ ባዶ ሆድ ዳገት መውጣት ሌላ ነገር ነውና የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ።

ላዩ ላይ ምግብ አይበስልም ሲባል ትሰማላችሁ፤ እውነት አለው። ከፍታው ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ግጭ ላይ 88 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ምስርና ባቄላ ማገዶ ይጨርሳሉ እንጂ ቶሎ አይበስሉም። ሽሮ፣ ፓስታ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ድንች ያዙ። እንጨት አትልቀሙ፣ አስታም አትቁረጡ። ቡታጋዝ ይዛችሁ ውጡ፣ እሳት ካስፈለገም በካምፑ ከተፈቀደው ቦታ አትውጡ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተነሳው ቃጠሎ ጓሳ የሚባለውን ሣርና አስታውን ለቀናት ሲበላ እናስታውሳለን። ለማጥፋት ከውጭ አገር ሄሊኮፕተር እስከ ማምጣት ተደርሶ ነበር።

የምንጭ ውሃ ይጠጣል?

አፍልታችሁ ወይም መድኃኒት ጨምራችሁ። ምንጩ ቢጠራም ከላይ ከብትና ጭላዳ ይውልበታል። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ውሃው ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ጠዋት ስትነሱ ሁለት ሊትር ያህል ይዛችሁ ውጡ። ብርድ ስለሆነ ጥሙ አይሰማችሁም፣ ሰውነት ግን ይደርቃል።

ጭቃ ላይ ቁልቁለት እንዴት ነው የሚወረደው? ሁልጊዜ እንሸራተታለሁ።

መጀመሪያ ዱላ ያዙ። የተራራ ምርኩዝ ካላችሁ እሰየው፣ ከሌላችሁ ደባርቅ ገበያ ላይ የሚሸጠው ዱላ ይበቃል። ዱላው ከእግራችሁ ቀድሞ ይተከል፣ ከዚያ እግር ይከተለዋል። እርምጃው አጭር ይሁን። ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይበል፣ ደረታችሁ ወደፊት ያዘንብል። የሚሸራተት ሰው ፈርቶ ወደኋላ ይለጠጣል፤ ያኔ ነው ተረከዙ የሚያመልጠውና በመቀመጫው የሚወርደው። ለስላሳ ጭቃ ላይ ተረከዛችሁን አስምጡ። ቀጭን ጭቃ የተቀባ ዓለት ላይ ደግሞ በሙሉ ውስጥ እግር ርገጡ። የረጠበ ሽበት የያዘ ድንጋይ ግን አትመኑት፤ ከጎኑ ያለው ጭቃ ይሻላል። እጃችሁን ከኪስ አውጡ።

የበቅሎ ኮቴ የቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ሲሞላበት ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም እዚያ ነው። በጉድጓዶቹ መሃል ያለውን ጉብታ ፈልጋችሁ ርገጡ። ጭቃ ሽሽት ከመንገዱ እየወጣችሁ ጓሳው ላይ አትሂዱ። ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ሲሄድ መንገዱ ይሰፋል፣ ሣሩ ይሞታል፣ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይቦረቡረዋል። ጫማ ይታጠባል፤ መሃሉን ይዛችሁ እለፉ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ከመሸራተትም የሚብስ። በጠባብ መንገድ ላይ የተጫነ በቅሎ ሲመጣባችሁ ሁልጊዜ በተራራው በኩል ጠጉ፣ በገደሉ በኩል አይደለም። በቅሎው ጭነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ አይገምትም። ገፍቷችሁ ያልፋል፣ ዞሮም አያይም። ስካውቱ «ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ!» ካለ ለምን ሳትሉ ወደ ተራራው ተለጠፉ።

ሄጄ ሁሉም ጉም ቢሆንብኝስ?

ጠዋት ተነሱ። ከቆላው የሚነሳው ሞቃት አየር ረፋድ ላይ ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ላዩ ላይ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ስለዚህ ምርጡ እይታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ቁርስ ከእይታ በኋላ ይሁን። ማታ ወደ 11 ሰዓት ገደማም አንዳንዴ ይገልጣል።

ጉም ውስጥ ከሆናችሁ ጫፍ አትፈልጉ። ባላችሁበት ተቀመጡ፣ ሻይ አፍሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ነፋስ ይመጣና ጉሙን ገለጥ ያደርገዋል፤ እግራችሁ ስር የነበረው ነጭ ነገር ድንገት አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ይሆናል። በሚቀጥለው ደቂቃ ተመልሶ ይዘጋል። ተስፋ ቆርጦ የሄደው ሰው ይህን አያይም።

ጭላዳ ይተናኮላል? ዋልያና ቀይ ቀበሮስ የት ይገኛሉ?

ጭላዳ ሰው አይነካም። ሣር በል ነው፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ይበላል። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ግን «በቃ፣ አትቅረብ» ማለቱ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ራቁ። ምግብ አትስጡት። ሌሊቱን ገደል ላይ ስለሚያድር ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ብቅ ሲል ማየት ነው።

ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ ዱር የለውም። ጨነቅ አካባቢ ጠዋትና ወደ ማታ ገደሉን በትዕግሥት ብትቃኙ የማየት ዕድላችሁ ጥሩ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ዕድል ይጠይቃል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ ቦታውም ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልና ጓሳ የሚበቅልበት ከፍ ያለው አገር ነው። አየሁ ብሎ የሚምል ሁሉ አላየም፤ ብዙዎቹ ያዩት ተራ ቀበሮ ነው።

ግጭ ላይ የነበረው መንደር የት ሄደ?

ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። የእርሻና የግጦሽ ጫና አንዱ ምክንያት ነበር። ሜዳው አሁን ሲያገግም ይታያል። ለተነሱት ሰዎች ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ስካውታችሁ የዚያ አካባቢ ሰው ሊሆን ይችላልና ስትጠይቁ በወግ ጠይቁ።

ራስ ምታት ጀመረኝ። ብርድ ነው ወይስ ከፍታው?

ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ከፍታው ነው ብላችሁ ተነሱ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው። ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው እናንተ ትሻላላችሁ። ግን ጉልበት መከታ አይደለም፤ ጎረምሳውና ስፖርተኛው ስለሚሮጥ መጀመሪያ የሚያመው እሱን ነው። ቀስ በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ማታዎች አረቄ ይቅርባችሁ። ብርድ ያስለቅቃል የሚባለው ወሬ ከፍታ ላይ አይሠራም።

ምልክት እያላችሁ ከፍ ወዳለ ካምፕ አትሂዱ። በዕረፍትና በማስታገሻ ካልተሻለ ውረዱ። ሰውየው እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ፣ የሚቀባጥር ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ደግፎ ማውረድ ነው። አሴታዞላማይድ የሚባለውን መድኃኒት ከመጓዛችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ ከሰው ተቀብላችሁ አትዋጡ።

ራስ ዳሽንን ካልወጣሁ ምን ዋጋ አለው?

ስሙን ከቢራው ጠርሙስ ላይ ስለምናውቀው ነው መሰል ሁሉም ዳሽን ይላል። 4,550 ሜትር ነው፣ የአገራችን ቁንጮ፤ ክብሩ አይካድም። ነገር ግን ከጨነቅ ተነስታችሁ የቧሂትን በር፣ ወደ 4,200 ሜትር፣ ትወጣላችሁ። ከዚያ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ። ከዚያ አምቢቆ ወጥታችሁ ታድራላችሁ። በማግስቱ ሌሊት ተነስታችሁ ጫፉ፣ ተመልሳችሁ አምቢቆ። የወረዳችሁትን ሁሉ መልሳችሁ መውጣት አለ። ቢያንስ ሦስት ተጨማሪ ቀን ያዙ።

እይታው ከእመት ጎጎ አይበልጥም፤ ብዙ የወጡ ሰዎች ይህንኑ ይነግሯችኋል። ከፍታ መንካት ብቻ ከሆነ ጉጉታችሁ ከጨነቅ ተነስታችሁ በአንድ ቀን ደርሳችሁ የምትመለሱበት ቧሂት አለ፣ 4,430 ሜትር። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሁለት ቀን ተርፎት ዳሽንን አሳድዶ የሚሮጥ ሰው ነው። ዳሽንን ይወጣል፣ እመት ጎጎን በጉም ውስጥ አልፏት ይሄዳል። ጊዜ ካላችሁ ውጡ። ከሌላችሁ የተረፈቻችሁን ቀን ግጭ ላይ ጨምሯት።

መንገድ ላይ እግሬ ቢሰበር ምን ይሆናል?

ሄሊኮፕተር አትጠብቁ። በበቅሎ ወይም በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ፣ ከባድ ከሆነ ጎንደር ሪፈራል። ሰዓታት ይፈጃል። ስልክ በየቦታው አይሠራም፤ ከፍ ያለ ጫፍ ላይ አንዳንዴ ይይዛል። ፋሻ፣ ማስታገሻና ባትሪ ያዙ፣ ሌላ ሰውም በየትኛው ቀን የት እንደምታድሩ ይወቅ።

አሁን መንገዱ ሰላም ነው?

ዛሬ የምንጽፈው ነገ ላይሠራ ይችላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ሁኔታ ይለዋወጣል፤ አንድ ሳምንት ክፍት የሆነ መንገድ በሌላው ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። መናኸሪያ ላይ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ከደባርቅ የመጣ ሹፌር ጠይቁ፤ የመንገዱን ነገር ከሹፌር በላይ የሚያውቅ የለም። አንዳቸው «ቆይ» ካለ ቆዩ። በምሽት አትጓዙ፣ መታወቂያ አይለያችሁ። ለመኪናና ለበቅሎ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊትም ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ በግልጽ ተነጋገሩ።